ጣት የሚያሳይ ዲሽ

ኡሙልኸይር ዲሽ ልትገዛ የወጣችው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ኮረሪማዋን አጠገቧ ለምትሸጠው ሴት አደራ ሰጠች፣ ሻርፗን አጥብቃ አሰረች፣ የልጇን የነጅላን ክንድ ያዘችና ከጅማ መርካቶ የቅመም ተራ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹ ወረደች። ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እያንባረቁ ሲያልፉ እሷ ዞር አላለችም፤ ነጅላም ዞር አላለችም። የእናትየው ከሐሳብ ነው። ልጅቱ ግን አትሰማም። በስድስት ዓመቷ የያዛት ትኩሳት ሁለት ሳምንት አስተኝቷት፣ ሲለቃት ጆሮዋን ይዞባት ሄደ። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል።

የዲሽ ሱቁ የሙኒር ነው። ሙኒር ደግ ሰው ነው፤ ወሬው ግን ማቆሚያ የለውም። ኡሙልኸይር የሥጋ ዘመዱ ባትሆንም እንደ አባቱ እህት «አዳዳ» እያለ ነው የሚጠራት።

«አዳዳ፣ ትክክለኛው ቦታ ነው የመጡት!» አለና ሦስት ዲሽ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ደረደረላት። «ይሄ ባለ ስድሳ ሳንቲሙ ነው፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ ለበጋ አይከፋም። ይሄ ዘጠናው። ይሄ እንደ ወንፊት የተበሳሳው ትልቁ ደግሞ ንፋስ ያሳልፋል፣ ግርማ ሞገስም አለው፣ ጎረቤት ሲያየው...»

ነጅላ የእናቷን ቀሚስ ሳብ አደረገችና በእጇ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ኡሙልኸይር አመልካች ጣቷን ቀና አደረገች። ቆይ ማለት ነው። ነጅላ ይህን ጣት ታውቀዋለች። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ገበያም፣ ይህ ጣት ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ከአሥሩ ወሬ አንዱ ተቆንጥሮ ይደርሳታል።

ሙኒር አዲስ ኤችዲ ሪሲቨር ከፍቶ ሱቁ ውስጥ ካለው ትልቅ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘውና ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀው።

«ድምፁን ይስሙልኝ! ሲኒማ ቤት አይመስልም?»

«ድምፁን ተወው። ጣት ይታያል?»

«ምን?»

«የሰው ጣት። የትምህርት ጣቢያው ላይ፣ ጥግ ላይ በትንሿ ሳጥን ውስጥ የምትቆም ሴትዮ አለች። ጣቷ አንድ በአንድ ይለያል ወይ?»

ሙኒር በሕይወቱ ብዙ ተጠይቋል፤ ኳስ ይይዛል ወይ፣ የዓረብ ጣቢያ ይገባል ወይ፣ ክፍያ አለው ወይ። ስለ ጣት የጠየቀው ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጅላ በምትማርበት ትምህርት ቤት መስማት ለተሳናቸው ልጆች በእጇ የምታስተምር ጽዮናዊት የምትባል መምህርት ነበረች። ባሏ ሌላ ከተማ ሲመደብ አብራው ሄደች። በቦታዋ የመጡት መምህር ደበበ ልባቸው ቅን ነው፤ እጃቸው ግን አያወራም። ሰሌዳ ሙሉ ይጽፋሉ፣ ነጅላ ሰሌዳ ሙሉ ትገለብጣለች፣ ምን እንደገለበጠች ግን አታውቅም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና አራት ሳምንት ሲቀረው ደብተሯን አልጋ ሥር ወረወረችና «በቃኝ፣ ልብስ ስፌት እገባለሁ» አለች። ኡሙልኸይር ከልብስ ስፌት ጋር ጠብ የላትም። ልጇ ወዳ ብትገባበት መርቃ ትሸኛት ነበር። ተሸንፋ እንድትገባበት ግን ጭራሽ አልፈለገችም።

ታዲያ አንድ ጣቢያ ጠዋት በሦስት ሰዓት ለስምንተኛ ክፍል ያስተምራል፤ አስተርጓሚም አለችው። ነጅላ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነች ጠዋቱ የራሷ ነው። ጭንቁ ያለው አሮጌው ዲሽና አሮጌው ሪሲቨር ላይ ነው። በእነሱ ሲታይ የአስተርጓሚዋ እጅ ውሃ የነካው ጥጥ ይመስላል፤ ሦስት ትበል አምስት አይለይም። ያው ጣቢያ ጥርት ብሎ በኤችዲ የሚመጣው በስተምሥራቅ ካለው ሳተላይት ነው አሏት። ምሥራቅም ይሁን ሰማየ ሰማያት፣ ኡሙልኸይር ልታወርደው ቆርጣ ተነስታለች።

ሙኒር ጣቢያውን ፈልጎ አመጣው። ነጅላ ቴሌቪዥኑ ሥር ገብታ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋች። ቆየት ብላ ዞረችና ሁለቱንም እጇን ከፍታ አሥሩንም ጣቶቿን ለእናቷ አሳየች።

«ይታያል አለች» አለ ሙኒር፣ ምልክት ሳይማር ገብቶት። «እንግዲህ ወንፊቱን ላሽግልዎት?»

«አንድ ነገር ንገረኝ። ቤትህ ጣራ ላይ ያለው የትኛው ነው?»

«እቤቴ?» ሙኒር አንገቱን አከከ። «እቤቴ እንኳን... ዘጠናው ነው። የጅማን ዝናብ የሚችለው እሱ ነው።»

«ያንተን ስጠኝ።»

ኮረሪማ ነጋዴ ናት። ሰው የሚሸጠውን ነገርና ለቤቱ የሚያስቀምጠውን ነገር ለይታ ካላወቀች ሃያ ዓመት ገበያ የተቀመጠችው በከንቱ ነው።

ዲሹን ሊተክል የመጣው ፍሬዘር የሚባል ቴክኒሻን ነው። የኡሙልኸይር ግቢ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ካሉት ጠባብ ግቢዎች አንዱ ነው። በስተምሥራቅ በኩል ከሐጂ አብዱልሃዲ ግቢ ጋር በአንድ ግንብ ይዋሰናል። ከግንቡ ወዲያ የሐጂ ትልቅ ዋንዛ ቆሟል፤ ሐጂ ከተማ መሀል ተቀምጠው ሠላሳ እግር ቡና በጥላው ሥር ያለማሉ። የዋንዛው ቅርንጫፍ ግንቡን ተሻግሮ የኡሙልኸይርን ጣራና ግቢ እስከ በሩ ድረስ ሸፍኖታል።

ፍሬዘር ጣራውንም ግቢውንም ዞሮ አየና ፊቱ ቅጭም አለ።

«ማዘር፣ ዲሽ ሰማይ ነው የሚፈልገው።»

«ሰማይ ላይ ያለው እኮ ዝናብና በረዶ ነው። እዚህ ግንቡ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ትከልልኝ። አዲስ ዕቃ ነው፣ አይመታብኝ።»

ኡሙልኸይር የአጋሮ ልጅ ናት። አባቷ ቡና ሲተክል እያየች ነው ያደገችው፤ ለጋ ነገር ሁሉ ጥላ ሥር ይቀመጣል ብላ ነው የምታምነው። ችግኝ ጥላ ሥር፣ ጥጃ ጥላ ሥር፣ ሕፃን ጥላ ሥር። ዲሹንም እንደዚያው አየችው።

«ቅጠሉ ያስቸግር ይሆናል» አለ ፍሬዘር።

«ቅጠል ቴሌቪዥን ምን ያደርገዋል? ይልቅ ጣት ይታያል?»

ፍሬዘር የሲግናል መለኪያውን አየ። ሃምሳ ስምንት ይላል። ሰባ ቢሆን ደስ ይለው ነበር፤ ግን ምስሉ መጥቷል፣ ጣትም ይታያል፣ ከዚህች ሴትዮ ጋር መከራከር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ነው። ተከለላትና ሄደ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አስተርጓሚዋ ብቅ አለች፣ እጇን አነሳች፣ ከዚያ ደርቃ ቀረች። ግማሽ ፊቷ አረንጓዴ ካሬ ሆነ። መጣች፣ ሄደች፣ መጣች፤ በመጨረሻ ሲግናል የለም የሚል ጽሑፍ ወጣ። ነጅላ ተነስታ ልብሷን ልታጥብ ወጣች። ኡሙልኸይርን ያንገበገባት ይህ አወጣጧ ነው። ብትቆጣ ይሻላት ነበር።

ዝናቡ ነው አለች ጎረቤት። ዝናቡ ነው አለ ሙኒር በስልክ። ጅማ ላይ መብራት ቢጠፋ ዝናቡ ነው፣ ሰው ቀጠሮ ቢያረፍድ ዝናቡ ነው። ኡሙልኸይርም ሁለት ቀን አመነች። በሦስተኛው ቀን ግን ሰማዩ ተጠርጎ የተወለወለ መስሎ ነጋ፤ ደመና የሚባል የለም። በሦስት ሰዓት አስተርጓሚዋ እጇን አነሳች፤ አሁንም ደረቀች።

ኡሙልኸይር ጥርሷን ነክሳ ወደ ግቢ ወጣች። ዲሹ ፊት ቆመች፣ አፈጠጠችበት። ነጩ ፊቱ ላይ የዋንዛው ቅጠሎች ጥላ ይጫወታል። ንፋስ ሲመጣ ጥላው ይተራመሳል፤ በመስኮት ወደ ውስጥ ስታይ ምስሉም አብሮ ይተራመሳል። ንፋሱ ሲቆም ምስሉ ለአንዲት ቅጽበት ይመለሳል። አንዴ አየች፣ ሁለቴ አየች፣ ሦስተኛውን ሳትጨርስ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«እኔ ደግሞ ጥላ ሥር የተከልኩት ቡና መስሎኝ ነው!» አለች ጮክ ብላ።

ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ይህን ለማመን ጊዜ አልፈጀባትም። ሌላ ሰው ቢሆን ፍሬዘርን ሲረግም ይውል ነበር። እሷ ደውላ ጠራችውና «ልክ ነበርክ፣ አሁን ና» አለችው። ሁለቱ ዲሹን ተሸክመው ግቢውን ዞሩ። በሩ አጠገብ ሞከሩ፣ ኩሽናው ጎን ሞከሩ፣ ጣራው ጫፍ ላይ ሞከሩ። የዋንዛው ቅርንጫፍ የትም ቀደማቸው።

«አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው» አለ ፍሬዘር ላቡን እየጠረገ፣ በአገጩ ግንቡን ተሻግሮ እያመለከተ። «የሰውዬው ጣራ። ከዛፉ ወዲያ ነው፤ ምሥራቁ ክፍት ነው። ኬብሉን በግንቡ አሻግራለሁ።»

«ሐጂ ጣራ ላይ? ዲሽ?» ኡሙልኸይር ሳቋ መጣ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

ሐጂ አብዱልሃዲ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግቢያቸው ውስጥ ቴሌቪዥን አልገባም፤ የገዛ ልጆቻቸው ለምነው ለምነው ትዳር ይዘው ሲወጡ ነው ለየቤታቸው የገዙት። ይህን የማያውቅ ሄርማታ ውስጥ የለም። ኡሙልኸይርም ታውቃለች። ግን ፈተናው ሦስት ሳምንት ተኩል ቀርቶታል፣ ደብተሩ አሁንም አልጋ ሥር ነው። ዓይኗን በጨው አጥባ ሄደች።

ሐጂ ቡናቸው መሀል ቆመው ነበር፤ ቡናው የያዘውን አረንጓዴ ፍሬ በጣታቸው እየነካኩ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሐጂ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ግቢ ልጄ። ፈያ? ነጋ? ሁሉ ደህና? ነጅላስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት። ችግር ይዤ ነው የመጣሁት።» ምኑንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ፈተናውን፣ አስተርጓሚዋን፣ ዲሹን ጥላ ሥር መትከሏን።

ሐጂ ቀስ ብለው ቀና ብለው ዋንዛቸውን አዩ። «ዛፌን ቁረጥ ልትይኝ ከሆነ...»

«የአጋሮ ልጅ ነኝ፣ ሐጂ። ቡናው ፍሬ ይዞ ጥላ አንሱ የምል ሰው አይደለሁም። እኔ የምፈልገው ጣራዎን ነው።»

የሐጂ ፊት ተለወጠ። «አስተግፊሩላህ! ለልጆቼ የከለከልኩትን ላንቺ? ይሄ እኮ ልጆች ቁርአን የሚቀሩበት ግቢ ነው። አናቴ ላይ ዘፈን እየጮኸ እኔ ምን ብዬ አስቀራለሁ? ላኪ፣ ላኪ፣ የለም፣ ይሄስ አይሆንም።»

«ሐጂ፣ የሚጠሉት ድምፁን ነው?»

«ድምፁን ነው እንጂ ቆርቆሮው ምን አደረገኝ?»

ኡሙልኸይር ሳትጋበዝ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። መቆም ስላቃታት ነው። «ስንት ዓመት ጎረቤት ነን?»

«ነጅላ ሳትወለድ።»

«ግንቡ ይኸው ነው፣ ሳል እንኳ ያሳልፋል። ልጅቱ ከታመመች ወዲህ ከቤቴ የቴሌቪዥን ድምፅ የሰሙት መቼ ነው?»

ሐጂ ዓመታቱን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የሰሙትን ቀን ፈለጉት፣ አላገኙትም።

«ከትኩሳቱ በኋላ ነው» አለች። «አንድ ቀን ድራማ እያየሁ ሳቅኩ። ነጅላ ፊቴን አይታ ምን አለ አለችኝ። ቆይ አልኳት። ድራማው አለቀ፣ እኔም ረሳሁት። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ፊቴን ታይ ነበር፤ እነግራታለሁ ብላ። በማግስቱ ድምፁን ዘጋሁት። ይኸው ስምንት ዓመቱ። ልጄ የማትሰማውን እኔ ብቻዬን ልሰማ አንጀቴ እምቢ አለኝ። እና ሐጂ፣ የኔ ቴሌቪዥን ዘፈንም ቢያሳይ አፍ የለውም። እጅ ብቻ ነው የምፈልግበት።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሳይቆጥሩ ያዙት።

«ከታመመች በኋላ እኔ ዘንድ ቁርአን ልትቀራ ተመልሳ መጥታ ነበር» አሉ። «ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ከንፈሬን ታይ ነበር። ሌሎቹ ሲስቁባት ጊዜ፣ ቤት ትረፍ፣ አታድክሟት ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት» አለች ኡሙልኸይር። ልታጽናናቸው አልሞከረችም። ያኔ ልጇን ይዛ ከዚህ ግቢ የወጣችበትን ቀን አልረሳችውም።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሰላሉ ከቤቱ ጀርባ ነው። ሰውየሽን ጥሪው። ቆርቆሮዬን እንዳያፈስብኝ ግን ንገሪው።»

ፍሬዘር መሰላሉን የወጣው ሐጂ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ለመድረስ በሚመስል ፍጥነት ነው። ኬብሉ በዋንዛው ሥር፣ በግንቡ ላይ ተሻገረ። ሌላ ቤት ቢሆን አሁን የሚቀረው የታወቀው ጩኸት ነበር፤ ጣራ ላይ ያለው መጣ ወይ ይላል፣ ውስጥ ያለው አልመጣም ይላል፣ ሰፈር ሁሉ ይሰማል። እዚህ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ያለችው ነጅላ ናት። ነጅላ መስኮቱ ላይ ቆመች፤ ኡሙልኸይር የተደፋ በርሜል ላይ ወጥታ ከግንቡ በላይ ብቅ አለች፤ ከወዲያ ሐጂ ቆመው አንገታቸውን አቀኑ። ነጅላ ምስል ሲጠፋ ጡጫ ታሳያለች፣ ሲመጣ እንደ ጥራቱ ልክ ጣቶቿን ትዘረጋለች። ኡሙልኸይር ለሐጂ ትናገራለች፣ ሐጂ ደግሞ ሃምሳ ልጅ ቁርአን ባስቀሩበት ድምፃቸው ወደ ላይ ያስተላልፋሉ።

«ሁለት ጣት ሆነች!» አለች ኡሙልኸይር።

«ሁለት ሆነች ትላለች! ወደ ግራ ነካ አድርገው! ነካ አልኩህ እንጂ ጠምዝዘው አላልኩህም!»

«ሐጂ፣ እርስዎ በዚህ ሥራ ላይ ነበሩ እንዴ?» አለ ፍሬዘር ከላይ።

«ወሬህን ትተህ አጥብቅ! አራት ሆነች!»

ከዚያ ነጅላ ሁለቱንም እጇን በመስኮቱ አውጥታ አሥሩንም ጣት ዘረጋች። ኡሙልኸይር ከበርሜሉ ልትወድቅ ለጥቂት ነው የተረፈችው። የፍሬዘር መለኪያ ሰማንያ አራት ይል ነበር።

በማግስቱ ጅማ የለመደችውን ዝናብ ገና በጠዋቱ አወረደችው። ጣራው ይጮኻል፣ ቱቦው ይጎርፋል። ኡሙልኸይር ገበያዋን ለሁለት ሰዓት ትታ በጃንጥላ ተመልሳ መጣች። ስትገባ ነጅላ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ደብተሯ አለ፤ ከአልጋው ሥር የለቀመው አቧራ ገና አልተራገፈም። እናቷ አየች፣ አላየሁም ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አስተርጓሚዋ መጣች፣ እጇን አነሳች፣ አልደረቀችም። ጣቶቿ አንድ በአንድ ይታያሉ። ቀለበቷ ሳይቀር ይታያል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ሥሎ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ እሷ ትከተለዋለች፤ የነጅላ እጅም ጭኗ ላይ ሆኖ አስተርጓሚዋን በትንሽ በትንሹ ይከተላል። ከዚያ ትጽፋለች። ትጽፍና ቀና ትላለች። ኡሙልኸይር ይህን ፊት አታውቀውም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ የምታውቀው ሰው ሲያወራ ግራ ቀኝ የሚንከራተተውን ፊት ነው።

ድንገት ነጅላ ሳቀች። ድምፅ ያለው፣ ከሆዷ የመጣ ሳቅ ነው።

ኡሙልኸይር ቴሌቪዥኑን አየች። መምህሩም ፈገግ ብሏል። የተናገረው ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን እሷ በምን ታውቃለች? ድምፁ ዝግ ነው፣ የአስተርጓሚዋን እጅ ደግሞ እንደ ልጇ አታነብም፤ የምታውቃቸው ምልክቶች የቤት ናቸው፣ ነይ፣ ብዪ፣ ሂጂ። የልጇን እጅጌ ሳብ አደረገችና በዚያው በቤት ምልክቷ ጠየቀች።

«ምን አለ?»

ነጅላ ዓይኗን ከአስተርጓሚዋ ሳትነቅል አመልካች ጣቷን ቀና አደረገች።

ቆይ።

ኡሙልኸይር እጇን ሰበሰበች። ይህች ጣት ምን ያህል እንደምታምም እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር።

«ኡሙልኸይር!» የሚል ድምፅ ዝናቡን ጥሶ ከግንቡ ወዲያ መጣ። «ጣት ይታያል?»

«ይታያል፣ ሐጂ!» አለች ጮክ ብላ።

ትምህርቱ አለቀ። ነጅላ ደብተሯን ዘጋች፣ ሙሉ በሙሉ ወደ እናቷ ዞረችና የእናቷን ሁለት እጆች ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እንድታይ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረች። ቀስ እያለች፣ ምልክቱ ያልገባት ሲመስላት እየደገመች፣ ሦስት ማዕዘኑን በአየር ላይ እየሣለች፣ መምህሩ የቀለደውን ቀልድ ሳይቀር፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ቅመም ተራ ላይ ኮረሪማው ባለቤት አጥቶ ቆይቷል፤ ኡሙልኸይር ግን እስከ መጨረሻው አልተነሳችም።